«ዛሬ ውሃ መጣ፣ ልብስ አጠብኩ» ከማለት አላለፍኩም

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የ36 ዓመት ሴት ነኝ፤ የሁለት ልጆች እናት። ተወልጄ ያደግኩት ፒያሳ ነው። አሁን የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቴ ሌሊት 11 ሰዓት ወጥቶ መሽቶ ነው የሚገባው። ቤቱ ጥሩ ነው፣ ተመስገን። ግን ሆዴን ባር ባር ይለኛል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እነቃና በዚያው ይነጋል። እሁድን ደግሞ ጠላሁት፤ ምክንያቱም ቡና የሚሸተኝ ከሌላ ሰው ቤት ነው። አንዲት ዘመዴ «የዕለት ማስታወሻ ጻፊ፣ ይቀልሻል» አለችኝ። ሦስት ሳምንት ሞከርኩ። «ዛሬ ውሃ መጣ፣ ልብስ አጠብኩ» ከማለት አላለፍኩም። ልጆቼ ቢያነቡትስ? ገመናዬን ወረቀት ላይ ማውጣትም ያስፈራኛል።

እናት፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እኔም የከተማው ዳር ነዋሪ ነኝ፤ ገላን ነው ቤቴ። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ በሌሊት ተነስቶ ጀሪካን መሙላትን አውቀዋለሁ። ስለዚህ «ውሃ መጣ» ብለሽ መጻፍሽ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን እሱ ውሎ መመዝገብ ነው። የሚቀልልሽ የሆድሽን ስትጽፊ ነው።

ጄምስ ፔኔቤከር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1986 ከባልደረባው ጋር ባሳተመው ጥናት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በተከታታይ ለ4 ቀን፣ በቀን 15 ደቂቃ አጻፈ። አንዳንዶቹ ስለ ተራ ነገር ጻፉ። ሌሎቹ ስለደረሰባቸው ከባድ ነገር። ከእነዚህ ውስጥ የሆነውንም የተሰማቸውንም አንድ ላይ የጻፉት፣ በቀጣዮቹ ወራት ክሊኒክ የሄዱት ከሌሎቹ ባነሰ ቁጥር ነበር። ጽፈው ሲነሱ ግን ይበልጥ ከፍቷቸው ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ቢያስለቅስሽ አትደንግጪ። በኋላ በተደረጉ ጥናቶች ደግሞ፣ ከቀን ወደ ቀን «ምክንያቱም» እና «ገባኝ» የሚሉ ቃላት ጽሑፋቸው ውስጥ የበዙላቸው ሰዎች የበለጠ እንደተጠቀሙ አይቷል። ለሁሉም ሰው እኩል አይሠራም። እኔን ግን ረድቶኛል።

አባቴን የቀበርኩ ጊዜ ንፍሮ ሳስቀቅል፣ እንግዳ ሳስተናግድ፣ እንባ ጠብ ሳይለኝ ከረምኩ። «ጠንካራ ናት» ተባለልኝ። ከ40ው በኋላ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዝቼ ተቀመጥኩ። በመጀመሪያው ቀን የጻፍኩት የድንኳኑን ሒሳብ ነበር። በሁለተኛው ቀን ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ። በሦስተኛው ቀን «ስልኩን አላነሳሁትም፣ ምክንያቱም» ብዬ ጀመርኩና እጄ ቆመ። አባዬ ሊያርፍ የዋዜማው ማታ ደውሎልኝ ነበር። የታክሲ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ቤት ስገባ እደውልለታለሁ ብዬ ተውኩት፤ ከዚያ ረሳሁት። እነዚህን ሦስት መስመሮች ለመጻፍ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። እስክሪብቶው ወረቀቱን የቀደደበት ቦታ ዛሬም አለ። እስከዚያ ቀን ድረስ የተቆጣሁት ወንድሞቼን ይመስለኝ ነበር። ለካ የተቆጣሁት ራሴን ነው።

አንቺም 4 ቀን ብቻ ሞክሪ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ፣ ስልክሽን አጥፍተሽ፣ 15 ደቂቃ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ግን አትጻፊ፤ የባሰ እንቅልፍ ይነሳሻል። ስለ ፊደል ግድፈት አትጨነቂ፤ የሚያርምሽ የለም። «ልብስ አጠብኩ» ካልሽ በኋላ ምን ተሰማሽ? ለምን? እዚያ ላይ ቆይ በዪ።

የገመናው ነገር ገብቶኛል። ሆድ ይፍጀው እየተባልን ነው ያደግነው። ግን የጻፍሽውን የማስቀመጥ ግዴታ የለብሽም። ጥቅሙ መጻፉ ላይ ነው። ስትጨርሺ ገጹን ገንጥለሽ ከሰሉ ላይ ጣይው። ልጆችሽ የሚያነቡት አይኖርም።

የማትችዪው ነገር ከመጣብሽ ደግሞ አቁሚ፤ ሌላ ነገር ጻፊ። እንቅልፍ ማጣቱ ከቀጠለ፣ ወይም ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ፣ ደብተር አይበቃም። ለባለቤትሽ ንገሪው፤ ጤና ጣቢያ ሂዱ። አማኑኤል ሆስፒታል ቢልኩሽም ሂጂ። ሰው ምን ይለኛል ብለሽ እንዳትቀሪ፣ አደራ።

አንድ ነገር ልብ አልሽ? ደብዳቤሽ ውስጥ «ምክንያቱም» የሚለው ቃል አንድ ቦታ ብቻ አለ። የእሁዱ ቡና ላይ። ሰኞ ስትቀመጪ ያንን ዓረፍተ ነገር የመጀመሪያው ገጽ ላይ ገልብጪው። ፒያሳ እያላችሁ እሁድ ቡናውን የምታፈላው ማን ነበረች? ከእሷ ጀምሪ።