ፈረንሳውያን ታዳጊዎችን ቤት ተቀብሎ እንግሊዝኛ ማስተማር፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

እንግሊዝ አገር ካላችሁ አንባቢዎች መካከል በትምህርት ቤት ዕረፍት ወቅት ከፈረንሳይ የሚመጡ ልጆችን ቤታችሁ አሳድራችሁ እንግሊዝኛ የምታስተምሩ አላችሁ። የዛሬዎቹ ጥያቄዎች ከእናንተ የመጡ ናቸው።

«አገር ቤት ለረጅም ዓመታት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። አሁን ክሮይደን ነኝ፤ ሊል ከምትባለው የፈረንሳይ ከተማ የሚመጡ አራት ልጆች ልቀበል ነው። አነጋገሬ እንደ እንግሊዞቹ ስላልሆነ ወላጆቻቸው ቅር እንዳይላቸው ፈራሁ።»

በፍጹም አይፍሩ። ማን እንደሆኑና የት እንዳስተማሩ አስቀድመው ለወላጆቹ ይጻፉላቸው፤ ከዚያ በኋላ ሥራዎ ይመሰክራል። እንግሊዝኛን ተምሮ ያወቀ ሰው ተማሪ የት ላይ እንደሚደናቀፍ ያውቃል።

ፈረንሳዮች «ህ»ን ይውጧታል። ልጁ «ሃንግሪ» ሊል ፈልጎ «አንግሪ» ይላል፤ ራበኝ ሲል ተናደድኩ ያለ ይመስላል። እኛ ፊደል የምንቆጥረው ከ«ሀ» ጀምረን ስለሆነ እዚህ ላይ ችግር የለብንም። መዳፋቸውን አፋቸው ፊት ይዘው «ሃውስ፣ ሃፒ፣ ሃንግሪ» ይበሉ። ትንፋሹ መዳፋቸውን ከነካው ወጥቷል ማለት ነው። «ዚስ» እና «ዛት» ማለት ግን የእነሱም የእኛም ችግር ነው። ምላስን በጥርስ መሀል ብቅ አድርገው አብረው ይለማመዱ። መምህራቸው ስትሞክር ሲያዩ የእነሱም እፍረት ይቀንሳል።

ሰዋስው ላይ ብዙ አያብዙባቸው። «አይ ሃቭ ፊፍቲን ይርስ» እና «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርደይ» የሚሉት ከራሳቸው ቋንቋ አምጥተው ነው፤ ትክክሉ «አይ አም ፊፍቲን» እና «አይ ሶው ሂም የስተርደይ» ነው። በአንድ ሳምንት እነዚህን ሁለቱን ካስተካከሉላቸው ትልቅ ነገር ነው።

«ሦስት ወንዶች ልጆች ናቸው። ትምህርት ላይ ጎበዞች ናቸው፤ ምሳ ላይ ግን ፈረንሳይኛ ብቻ ነው የሚያወሩት። ልከልክላቸው?» (ከብራይተን)

አትከልክላቸው። ቀኑን ሙሉ በሰው ቋንቋ ማውራት እንዴት እንደሚያደክም አንተም ታውቀዋለህ። ይልቅ ያለ እንግሊዝኛ የማያልቅ ሥራ ስጣቸው።

እኔ በጣም የምወደው የባቡሩን ነው። ከብራይተን ለንደን የሚሄዱ ስድስት ባቡሮችን ምረጥና አራት ወረቀት አዘጋጅ። አንዱ ልጅ የመነሻ ሰዓቱን ብቻ ይይዛል፤ ሁለተኛው የመድረሻውን፣ ሦስተኛው ባቡሩ የሚቆምበትን የፕላትፎርም ቁጥር። ዋጋው ያለበት ወረቀት አንተ ጋ ይቀራል። ወረቀት ማሳየት የለም። ከምሳ ሰዓት በፊት የሚያደርሰውን ርካሽ ባቡር ተጠያይቀው ያግኙ። እርስ በርሳቸው በፈረንሳይኛ ቢሹለከለኩ እንኳ ዋጋውን ለማወቅ አንተ ጋ መምጣታቸው አይቀርም፤ አንተ ደግሞ የምትሰማው እንግሊዝኛ ብቻ ነው። በማግስቱ ጣቢያው ድረስ ይዘሃቸው ሂድና እውነተኛውን ትኬት ቆራጭ ይጠይቁ። አንተ ራቅ ብለህ ቁም።

«እንጀራ ባቀርብላቸው ይበላሉ?»

ለምን አይበሉም? መጀመሪያ ግን የማይስማማቸው ምግብ ካለ ወላጆቻቸውን በጽሑፍ ጠይቂ። በአልጫ ጀምሪ፤ በርበሬው ቀስ ብሎ ይደርሳል። ሽንኩርት ሲከትፉና ወጥ ሲያማስሉ የሚማሩት ቃል አይረሳቸውም። ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ መክሰስ መልመዳቸውንም አትርሺ፤ ዳቦና ቸኮላት ካገኙ እስከ እራት ይቆያሉ።

«የእህቴ ልጅ ፓሪስ ነው የሚማረው። ፓስፖርቱ የኢትዮጵያ ነው። ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ወደ እንግሊዝ መምጣት ይችላል?»

በትምህርት ቤቱ ቡድን ውስጥ ከሆነ፣ አዎ። ከታኅሣሥ 28 ቀን 2023 (በፈረንጆች) ጀምሮ ዕድሜያቸው 18 እና ከዚያ በታች የሆነ፣ ቢያንስ 5 ሆነው ከፈረንሳይ ትምህርት ቤት የሚመጡ ተማሪዎች ቀለል ያለ አሠራር አላቸው። ፈረንሳውያኑ በመታወቂያ ይገባሉ፤ እሱም ፓስፖርቱን ይዞ ያለ ቪዛ መግባት ይችላል። ትምህርት ቤቱ ለዚህ የተዘጋጀውን ቅጽ ከጉዞው በፊት መሙላት አለበትና አሁኑኑ ጠይቁ።

ለብቻው ቤትዎ ሊመጣ ካሰበ ግን ቪዛ ያስፈልገዋል። ለብቻው የሚመጣ ፈረንሳዊ ጓደኛውም ፓስፖርትና ከሚያዝያ 2 ቀን 2025 (በፈረንጆች) ጀምሮ የግድ የሆነው «ኢቲኤ» የሚባለው የጉዞ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

«ለመኝታና ለምግብ ከሚከፈለኝ ላይ ታክስ አለብኝ?»

በራስሽ ቤት ዕቃ የተሟላለት ክፍል የምታከራዪ ከሆነ፣ በዓመት እስከ 7,500 ፓውንድ ድረስ ከታክስ ነፃ ነው፤ የምግቡም ሂሳብ እዚያው ውስጥ ይቆጠራል። ለማስተማር ለብቻው የምታስከፍዪው ግን ሌላ ገቢ ነው። ቤቱ የካውንስል (የአካባቢው አስተዳደር) ከሆነ አስቀድመሽ አስፈቅጂ። ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ 28 ቀንና ከዚያ በላይ አንቺ ጋ የሚቆይ ከሆነም ለካውንስሉ ማሳወቅ ግዴታ ነው።

«የ14 ዓመት ልጅ ናት። ከመጣች ጀምሮ ትከሻዋን ከመነቅነቅ በቀር ምንም አትናገርም። ምን ላድርግ?»

ይቺ ጥያቄ ልቤን ነካችኝ። ልጅቷ ሰነፍ ናት ብለሽ አታስቢ። ምናልባት የፈራችው ተሳስታ እንዳይሳቅባት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ጨርሶ አታርሚያት። «ምን ትፈልጊያለሽ?» ከማለት «ቲ ኦር ሚልክ?» ብትያት ይቀላታል፤ አንድ ቃል ይበቃታል። ከጠየቅሻት በኋላ ዝም ብለሽ ጠብቂ፤ ቶሎ ገብተሽ አትመልሺላት። «አይ ጎ ቢች የስተርደይ» ካለች፣ «ኦ፣ ዩ ዌንት ቱ ዘ ቢች? ሁ ዊዝ?» በይና ወሬውን ቀጥይ። ትክክሉን ሰምታዋለች፤ ወሬውም አልተቋረጠባትም። ሌሎቹ ልጆች ቀድመው ሲመልሱላት ግን በፈገግታ እጅሽን አንሺና አስቁሚያቸው።