የልብ መለኪያዋ እና የከሰዓት በኋላው ጫት

ጥያቄዎ እንዲህ ይላል፦ «ከከተማ በራቀው ጤና ጣቢያችን የአእምሮ ሕሙማንን በሃሎፔሪዶልና በክሎርፕሮማዚን እናክማለን፤ ትልቁ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበው መሣሪያ) የለንም። ሁለት ጣት የሚያርፍባት፣ ከስልክ ጋር የምትሠራው ትንሽ መሣሪያ ትበቃናለች?»

በጅማ ዙሪያ ወረዳዎች ለዓመታት የተመላለስኩ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። ትጠቅማለች፤ ቁጥሩን ግን ራስዎ መለካት አለብዎት። መሣሪያዋ «ጤናማ» ስትል ስለ ልብ ምት ሥርዓት መናገሯ ነው። እኛን የሚያሰጋን ኪውቲ ነው፦ ልብ አንዴ ለመምታት ከተቀሰቀሰች በኋላ ለሚቀጥለው ምት እስክትዘጋጅ የሚያልፈው ጊዜ። መድኃኒቶቹ ይህን ጊዜ ያረዝሙታል፤ ከልክ ሲያልፍ ምቱ ይታወክና ሕመምተኛው ራሱን ስቶ ይወድቃል፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል።

አንድ ስህተቴን ልንገርዎ። አንድ ወጣት ከሰዓት በኋላ ጫት ቅሞ መጣ። ልቡ በደቂቃ 110 ጊዜ ትመታለች፤ ኪውቲው 360 ሚሊ ሰከንድ ነበር። በተለመደው የባዜት ቀመር ለልብ ምት ፍጥነት ሳስተካክለው 487 ወጣ። ደነገጥኩ፤ ማንንም ሳላማክር መድኃኒቱን አቋረጥኩበት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ወንድሞቹ እጁን በገመድ አስረው አመጡት። ባዜት ልብ በፈጠነች ቁጥር ውጤቱን ያጋንናል። ያንኑ ልኬት በፍሪደሪሺያ ቀመር ብሠራው ኖሮ 441 ይሆን ነበር፤ ለወንድ ደኅና የሚባል ነው። የገመዱ ሰንበር አሁንም ከዓይኔ አልጠፋም።

ስለዚህ በጠዋት፣ ጫት ሳይቃም፣ ሰውየው 10 ደቂቃ ካረፈ በኋላ ይለኩ። የመጀመሪያው ልኬት መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ይሁን፤ ያለ እርሱ የኋላው ቁጥር የሚነጻጸርበት አይኖረውም። የተስተካከለው ኪውቲ ከመነሻው በ60 ሚሊ ሰከንድ ከጨመረ ወይም 500 ከደረሰ በዚያው ቀን ለሐኪም ይደውሉ።

ሃሎፔሪዶል እጅ ስለሚያንቀጠቅጥ ክንዳቸው ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። በቡና ለቀማ ወቅት ጣታቸው ይሻክራል፤ በውሃ ያርጥቡት። የቲ ሞገድ (ኪውቲ የሚያበቃበት በምስሉ ላይ ያለው ጉብታ) ጠፍጣፋ ሆኖ ካስቸገረዎት የቀኝ እጅ ጣትን በአንዱ ሰሌዳ ላይ አሳርፈው ሌላውን በግራ ጉልበት ባዶ ቆዳ ላይ ያድርጉት፤ ብዙ ጊዜ ይጠራል። መሣሪያው «ሐሳቤን ይሰርቃል» ብሎ የሚፈራ ሕመምተኛ ካለ አያስገድዱት። እኔ አስቀድሜ ራሴን፣ ቀጥሎ እናቱን እለካለሁ፤ አይቶ ራሱ እጁን ይዘረጋል። ምስሉን በስልክ ለሐኪም ሲልኩ ስም አይጻፉበት።

መሣሪያዋ የማትጠይቀውን ደግሞ እርስዎ ይጠይቁ፦ ተቅማጥ ወይም ትውከት አለ? ሁለቱም ፖታሲየም ያሳጣሉ፤ ይህም ኪውቲን ያረዝማል። ከሌላ ክሊኒክ ኪውቲን ሊያረዝም የሚችል መድኃኒት፣ ለምሳሌ ኤሪትሮማይሲን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ ወይም የወባ መድኃኒት ወስዷል? በቤተሰቡ በድንገት የሞተ ወጣት አለ? ራሱን ስቶ የወደቀ ሰው ከመጣ ግን፣ የስልኩ ውጤት ምንም ይበል ምን፣ መኪና ይፈልጉለትና ትልቁ ኢሲጂ ወዳለበት ሆስፒታል ይላኩት።