ቦዲው ይቀየር ወይስ ሌንሱ ይጨመር? ለባሌና ለዳሎል ተጓዥ የተሰጠ መልስ

ጠያቂያችን ዘጠኝ ዓመት ያገለገለዎትን ሶኒ ኤ6000 ካሜራ ከነኪት ሌንሱ (አብሮት ከተሸጠው መነሻ ሌንስ ጋር) ይዘው በታኅሣሥ ወደ ባሌ ተራሮች፣ በጥር ደግሞ ወደ ዳሎል ሊጓዙ መሆኑን ገልጸው፣ ገንዘብዎ ለአንድ ትልቅ ግዥ ብቻ ስለሚበቃ አሮጌውን ሸጠው ኤ6700 ይግዙ፣ ወደ ፉል ፍሬም (ብርሃን የሚቀበለው ክፍሉ፣ ማለትም ሴንሰሩ፣ ተለቅ ወዳለ ካሜራ) ይሻገሩ፣ ወይስ ባለዎት ይቆዩ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ በዚያው ዘመን የተሠራ፣ መጠኑም ከእርስዎ ካሜራ ጋር የሚቀራረብ የሌላ ድርጅት ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው) ካሜራ ይዤ ሁለቱንም ቦታዎች ከአንድ ጊዜ በላይ ስላየሁ፣ መልሴን ከነምክንያቱ አቀርባለሁ፦ ለዚህ ጉዞ ገንዘብዎን ረጅም ሌንስ ላይ ያውሉት፤ አሮጌውንም ካሜራ አይሽጡት።

ካሜራ አረጀ ሲባል ብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን ሴንሰሩ ነው። ኤ6000 እ.ኤ.አ. በ2014 ሲወጣ 24 ሜጋፒክስል ነበረው፤ በ2023 የወጣው ኤ6700 ደግሞ 26 አለው። በጠራ የቀን ብርሃን የተነሡ ሁለት ፎቶዎችን አትመው ግድግዳ ላይ ቢሰቅሉ የትኛው የአሮጌው እንደሆነ ለመለየት ይቸገራሉ። በእርስዎ ካሜራ ላይ ዕድሜው በግልጽ የሚታየው በሌላ ቦታ ነው፦ ባትሪው ትንሽ ነው፣ ቦዲው (ያለ ሌንስ ያለው የካሜራው አካል) ውስጥ የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋ ነገር የለም፣ ከአቧራና ከውኃ የሚከላከል ማሸጊያም አልተበጀለትም፣ ፎከሱም እንደ አዲሶቹ እንስሳን ለይቶ ዓይኑን አይከተልም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ከእነዚህ ጉድለቶች ውስጥ በጉዞዎ ላይ ፎቶ የሚያሳጣዎት የትኛው ነው የሚለው ይመስለኛል።

በባሌ መጀመሪያ የሚያሳጣዎት ከአራቱም አንዱ አይደለም። ሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ጅብራ ብቻ ቀጥ ብሎ የቆመበት ሜዳ ሲሆን፣ ቀይ ቀበሮ እንደ ሌሎች ዘመዶቹ ሌሊትን ሳይጠብቅ በቀን ፍልፈልና አይጥ ሲያድን የሚታይበት ቦታ ነው። በመጀመሪያ ጉዞዬ አንድ ቀበሮ ከመኪናችን ስልሳ እርምጃ ያህል ርቆ፣ ጆሮውን ወደ መሬት አዘንብሎ፣ አንድ የፊት እግሩን አንሥቶ ጉድጓድ ሲጠብቅ አገኘነው። ኪት ሌንሴን እስከ መጨረሻው 50 ሚሊ ሜትር ድረስ (ይህ ቁጥር በጨመረ መጠን ሌንሱ የራቀውን ያቀርባል) ዘርግቼ ከሃያ ጊዜ በላይ አነሣሁት፤ ማታ በኮምፒውተር ስከፍተው ግን ቀበሮው ሜዳው ላይ የወደቀ የሸክላ ስባሪ ነበር የሚመስለው። ቆርጬ ላጎላው ብሞክር ከ24 ሜጋፒክስሉ የተረፈኝ ለስልክ ገጽ እንኳ የሚበቃ አልነበረም። በዚያች ደቂቃ የዓለም ውዱ ቦዲ በእጄ ቢኖር፣ ያው ሌንስ እስከተገጠመበት ድረስ፣ የማገኘው ያንኑ ስባሪ ነበር።

ለእርስዎ ካሜራ ለዚህ የሚሆነው የሶኒ 70-350 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው። ከዚያው ርቀት በ350 የሚነሣ እንስሳ በ50 ከሚነሣው በቁመቱ ሰባት እጥፍ ገዝፎ ይታያል። ክብደቱ 625 ግራም ብቻ ነው፣ የራሱ ማረጋጊያ አለው፣ ከአቧራና ከእርጥበትም በመጠኑ የተጠበቀ ነው፤ ነገ ኤ6700 ቢገዙም እንዳለ ይገጥምለታል። ፉል ፍሬምን በተመለከተ ያለኝ ተቃውሞም ከዚሁ የሚነሣ ነው። የእርስዎ ዓይነት አነስ ያለ ሴንሰር 350ውን በፉል ፍሬም ላይ 525 እንደሚያሳየው ያህል ያቀርበዋል፤ በፉል ፍሬም ያንን ያህል ለመቅረብ ሰዎች የሚይዙት የሶኒ 200-600 ሌንስ ለብቻው ከ2 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። በ4,000 ሜትር ላይ ጥቂት መቶ እርምጃ ተራምዶ ትንፋሽ ያጠረው ሰው የዚህን ልዩነት ትርጉም ያውቀዋል። ፉል ፍሬም መጥፎ ነው አላልኩም፤ ለሠርግና ለስቱዲዮ እኔም እመርጠዋለሁ።

ባትሪን በተመለከተ መፍትሔው ርካሽ ነው። የእርስዎ ባትሪ 1,020 ሚሊ አምፒር ሰዓት ሲይዝ የኤ6700ው 2,280 ይይዛል፤ በአምራቹ መለኪያ የመጀመሪያው 360፣ ሁለተኛው 570 ያህል ፎቶ ያነሣሉ። ይህ ቁጥር ግን የሳነቴን ንጋት አያውቅም። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ሣሩ በአመዳይ ነጭቶ እያለ፣ ግማሽ ያህል ቻርጅ የሚያሳየው ባትሪዬ በድንገት ጠፋብኝ። አውጥቼ ከሸሚዜ ሥር በብብቴ ይዤው ሩብ ሰዓት ያህል ከቆየሁ በኋላ መልሼ ስከተው እንደገና ሠራ፤ ቅዝቃዜው ኃይሉን እንዳያወጣ አግዶት እንጂ አላለቀም ነበር። ስለዚህ ሦስት ባትሪ ይያዙ፣ ሁለቱን ሁልጊዜ ከሰውነትዎ አጠገብ ባለ ኪስ ያኑሯቸው። ኤ6000 ጠፍቶ እያለ በፓወር ባንክ ቻርጅ ስለሚሆን፣ ማታ ማታ መብራት ባይኖርም አይቸገሩም። ከብርዱ ወደ ሞቀ ክፍል ሲገቡም ካሜራውን በፌስታል ጠቅልለው ይግቡ፤ ላቡ ሌንሱ ላይ ሳይሆን ፌስታሉ ላይ ይቀራል።

አዲሱ ቦዲ በእርግጥ የሚበልጥበትን ቦታ ደግሞ ልደብቅዎ አልፈልግም። ከሳነቴ ወደ ሐረና ጫካ ሲወርዱ ብርሃኑ በአንድ ጊዜ ይሸሻል፤ ጉሙ ዛፎቹ ላይ ከተንጠለጠለው ሽበት መሰል ላይከን ጋር ተቀላቅሎ ቀትርን ምሽት ያስመስለዋል፣ ካፊያም አይጠፋም። እዚያ ኪት ሌንስዎ በ50 ሚሊ ሜትር ከኤፍ 5.6 በላይ ስለማይከፈት (የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ መጠን የሚገባው ብርሃን ይበዛል) አይ ኤስ ኦ፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት፣ ወደ 6400 ይወጣል፣ ቅጠሉም በእህል ብናኝ የተረጨ ይመስላል። ኤ6700 በማረጋጊያው ምክንያት የቆመን ዛፍ በዝግተኛ ሻተር (ብርሃን ረዘም ላለ ጊዜ በማስገባት) በእጅ ለማንሣት ያስችላል። ነገር ግን ሰው ወይም እንስሳ ሲንቀሳቀስ ማረጋጊያ አይረዳም፤ የሚረዳው ብዙ ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ ነው። የሲግማ ኩባንያ 18-50 ኤፍ 2.8 ሌንስ ክብደቱ 290 ግራም ገደማ ሲሆን በ50 ሚሊ ሜትር ከኪቱ አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል፤ ይኸውም 6400 የነበረውን ወደ 1600 ያወርደዋል ማለት ነው። ገንዘብ ከተረፈዎት ሁለተኛው ግዥ ይህ ይሁን። በአንጻሩ የጉዞዎ ዋና ዓላማ ቪዲዮ ከሆነ እስካሁን ያልኩትን ሁሉ ይተዉና ኤ6700ን ይግዙ፤ ጥያቄዎ ግን ስለ ፎቶ ነበር።

ዳሎል ሌላ ዓለም ነው። ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለው ይህ ቦታ ካሜራን የሚፈትነው በሙቀቱ ብቻ አይደለም፤ ጨው፣ የአሲድ እንፋሎትና ነፋስ የሚያነሣው ደቃቅ አቧራ አብረው ይሠራሉ። እኔ ከላንድክሩዘር ጀርባ ተከልያለሁ ብዬ ሌንስ ቀየርኩ። በማግሥቱ በእያንዳንዱ ፎቶ ሰማይ ላይ ዐሥራ ሁለት ጥቁር ነጠብጣብ ቆጠርኩ፤ አቧራው ሴንሰሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ኪት ሌንሱንም እንደ ተዘረጋ አሸዋ ላይ ስላስቀመጥኩት፣ ከዚያ በኋላ ስዘረጋውና ሳጥፈው በጥርስ መካከል የገባ ጠጠር ዓይነት ድምፅ ያሰማ ጀመር፤ ጥፋቱ የእኔው ነበር። አዲስ አበባ ስመለስ ለማስጠገን የተጠየቅሁት ዋጋ ያገለገለ ሌንስ ስለሚገዛ ጣጣውን ተውኩት።

አሮጌውን አይሽጡ ያልኩዎትም በዚህ ምክንያት ነው። ዘጠኝ ዓመት የሠራ ኤ6000 የሚያወጣው ገንዘብ በአዲሱ ዋጋ ላይ እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አያመጣም። ሁለት ቦዲ ያለው ሰው ግን አንዱ ላይ አጭሩን፣ ሌላው ላይ ረጅሙን ገጥሞ ዳሎል ላይ ሌንስ ሳይነቅል ይውላል። ለዚህ ጉዞ ከባልደረባ አንድ የሶኒ ቦዲ መዋስ ከቻሉ ይዋሱ፤ ካልሆነም ጠዋት መኪና ውስጥ መስኮት ዘግተው የቀኑን ሌንስ ይምረጡና እስከ ማታ አይንኩት። ለሰፊው ገጽታ ስልክዎ ይበቃል።

ሌንሱን በዘመድ እጅ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የሚያስመጡ ከሆነ፣ ቢበላሽ ዋስትናውን እዚህ ማስፈጸም አስቸጋሪ መሆኑን ዐውቀው፣ ዘመድዎ ከመላኩ በፊት ቦዲ ላይ ገጥሞ ዙሙንና ፎከሱን እንዲሞክረው ይንገሩት። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ በአንድ በኩል የስልክ መብራት አብርተው በሌላው በኩል ይመልከቱ፤ ሸረሪት ድር የሚመስል ነጭ ክር ካዩ ሻጋታ ነውና አይግዙት።