ስለ አዲስ ጳጳስ ሹመት ጥርጣሬ ያደረበት ምእመን ምን ያድርግ?

ጥያቄ፦ በአሜሪካ የምኖር ካቶሊካዊት ነኝ። ለምንኖርበት ሀገረ ስብከት አዲስ ጳጳስ ተሹሟል። እኚህ አባት ቀድሞ በሌላ ሀገረ ስብከት በጳጳሱ ጽሕፈት ቤት በኃላፊነት ሲሠሩ፣ ሕፃናትን አስነውሯል የተባለ አንድ ካህን ጉዳይ በእጃቸው አልፎ፣ ካህኑ ወደ ሌላ ቁምስና ከመዛወር በቀር ምንም እንዳልደረሰበት ይነገራል። ምእመናን ሹመቱ እንዲመረመር የሚጠይቅ ደብዳቤ አዘጋጅተው ፊርማ እያሰባሰቡ ነው። እናቴ ግን «የቀባኋቸውን አትንኩ ተብሏልና እጅሽን አታስገቢ፤ የቤተ ክርስቲያንን ገበና አደባባይ አታውጪ» ትለኛለች። ልፈርም ወይስ ዝም ልበል? እርሳቸው በሚቀድሱት ቅዳሴስ መቁረብ ይገባኛልን?

መልስ፦ እኅታችን፣ መፈረምዎ ኃጢአት አይደለም፤ ከመፈረምዎ በፊት ግን ደብዳቤው የሚለውን ቃል በቃል ማንበብ ይኖርብዎታል፤ ወደዚህ በኋላ እመለስበታለሁ።

ጳጳሳትን የሚሾሙት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት መሆናቸው አያጠያይቅም፤ እርስዎ ባሉበት በላቲን ሥርዓት ምእመናን በድምፅ ብልጫ የሚሾሙት ወይም የሚሽሩት ጳጳስ የለም። ይሁን እንጂ ሹመቱ የሚዘጋጅበት መንገድ ራሱ የምእመናን ቃል እንዲሰማበት ቦታ ትቷል። የላቲን ሥርዓት በሚመራበት የቤተ ክርስቲያን ሕግ፣ በሕገ ቀኖና፣ ቁጥር 377 መሠረት የቅድስት መንበር (የቫቲካን) እንደራሴ ስለ እጩው ከጳጳሳትና ከካህናት በተጨማሪ በጥበባቸው የታወቁ ምእመናንንም በየግልና በምሥጢር ሊጠይቁ ይችላሉ። ቁጥር 212 ደግሞ ምእመናን እንደ እውቀታቸውና እንደ ችሎታቸው ለቤተ ክርስቲያን ይበጃል የሚሉትን ለእረኞቻቸው የመግለጥ መብት፣ አንዳንድ ጊዜም ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። የግእዝ ሥርዓት ተከታዮች የምንመራበት የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕግም በቁጥር 15 ይህንኑ ይላል። ሁለቱም አክብሮትን ጠብቃችሁ ተናገሩ ይላሉ እንጂ ዝም በሉ አይሉም።

«የቀባኋቸውን አትንኩ» የሚለው የመዝሙረ ዳዊት ቃል በመካከላችን በብዛት ይጠቀሳል፤ ከየት እንደተወሰደ ግን እምብዛም አይታይም። መዝሙሩ የሚናገረው አብርሃም፣ ይስሐቅና ያዕቆብ ጥቂትና ስደተኞች ሆነው ከሕዝብ ወደ ሕዝብ ሲንከራተቱ፣ እግዚአብሔር ነገሥታትን ስለ እነርሱ መገሠጹን ነው። ስለዚህ ቃሉ ደካማውን ከኃያሉ ለመጠበቅ የተነገረ ነው፤ ባለ ሥልጣንን ከጥያቄ ለመከለል ስናውለው ትርጉሙን ገልብጠነዋል ማለት ነው። ዳዊትም የተቀባ ነበር፤ ነቢዩ ናታን ግን ፊት ለፊት ቆሞ «ያ ሰው አንተ ነህ» ብሎታል።

እናትዎ ስለ ገበና የተናገሩት ከቅንነት ነው፤ ሁላችንም ያደግንበት ነው። ሆኖም በሕፃን ላይ የተፈጸመ ጥቃት ወንጀል ነው፤ መሸፈን የሚገባውም የተበዳዩ ስምና ክብር እንጂ የበዳዩ ሥራ አይደለም።

ለእርስዎ ጥያቄ በጣም የሚቀርበው በቺሊ በኦሶርኖ ሀገረ ስብከት የሆነው ነው፤ ዘመኖቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ። በጥር 2015 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ የጦር ሠራዊቱ ጳጳስ የነበሩትን አቡነ ኹዋን ባሮስን ለኦሶርኖ ሾሙ። አቡነ ባሮስ በወጣትነታቸው በሳንቲያጎ የፈርናንዶ ካራዲማ የቅርብ ደቀ መዝሙር ነበሩ፤ ካራዲማ ደግሞ ሕፃናትን በማስነወር ጥፋተኛ ተብሎ በ2011 ቅድስት መንበር ዕድሜውን ሁሉ በጸሎትና በንስሐ እንዲኖር የፈረደችበት ካህን ነው። ጥቃት የደረሰባቸው ሰዎች ባሮስ ድርጊቱን አይተው ዝም ብለዋል አሉ፤ እርሳቸው ግን ምንም አላውቅም ሲሉ ቆይተዋል። በመጋቢት 21 ቀን 2015 በቅዱስ ማቴዎስ ካቴድራል በዓለ ሢመታቸው ሲከበር፣ ጥቁር የለበሱና ጥቁር ፊኛ የያዙ ምእመናን ነጭ ፊኛ ከያዙት ደጋፊዎች ጋር በቤተ መቅደሱ ውስጥ ሲጯጯኹና ሲገፋፉ ታዩ። መካሰስ በዚያ ሥፍራ በዚያ መልክ መደረጉን አላወድስም። ግን አስቀድመው በደብዳቤ ለምነው ያልተሰሙ ሰዎች እንደነበሩ መዘንጋት የለበትም፤ ሮም በዚያው ወር መጨረሻ የሰጠችው መልስ ሹመቱን የሚከለክል ተጨባጭ ምክንያት አልተገኘም የሚል ነበር።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ በጥር 2018 ቺሊን ሲጎበኙም ክሱን ስም ማጥፋት ብለው ጠሩት። የቦስተኑ ካርዲናል ሾን ኦማሊ ይህ ንግግር ጥቃት ለደረሰባቸው ትልቅ ሕመም መሆኑን በግልጥ ጻፉ። ካርዲናሉ በዚህ ምክንያት ዐመፀኛ አልተባሉም። ከዚያ በኋላ ሊቀ ጳጳሳት ቻርልስ ሺክሉና እና አባ ዦርዲ በርቶሜው ጉዳዩን እንዲያጣሩ ከሮም ተልከው 64 ሰዎችን አነጋገሩ፤ 2,300 ገጽ የሚያህል ዘገባም አቀረቡ። ፍራንቸስኮስ በሚያዝያ ለቺሊ ጳጳሳት በላኩት ደብዳቤ፣ እውነተኛና ሚዛናዊ መረጃ ባለማግኘታቸው ከባድ የግምገማ ስሕተት መሥራታቸውን አምነው ይቅርታ ጠየቁ። በግንቦት የሀገሪቱ ጳጳሳት በሙሉ የመልቀቂያ ጥያቄ አቀረቡ፤ በሰኔ 11 ቀን የአቡነ ባሮስ ተቀባይነት አገኘ። በዚያው ሳምንት መጨረሻ ሺክሉና በኦሶርኖ ካቴድራል ተንበርክከው በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ስም ሕዝቡን ይቅርታ ጠየቁ። ከሦስት ዓመት በፊት የተናገሩት ምእመናን ያኔ ተሰምተው ቢሆን፣ ያ ሀገረ ስብከት ለሁለት ባልተከፈለ ነበር።

መቁረብን በተመለከተ ጥያቄው የቆየ ነው፤ የተነሣውም በሹመት ምክንያት ነበር። በአራተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በሰሜን አፍሪካ ቄቂልያኖስ የካርቴጅ ጳጳስ ሲሆን፣ እጁን ከጫኑበት አንዱ በስደት ጊዜ ቅዱሳት መጻሕፍትን አሳልፎ ሰጥቷል ተብሎ ተከሰሰ፤ ዶናቲስቶች የተባሉትም እርሱና ከእርሱ ጋር ያሉት የሚፈጽሙት ምሥጢር ከንቱ ነው ብለው ተለዩ። ቅዱስ አውጎስጢኖስ ጴጥሮስ ቢያጠምቅም ይሁዳ ቢያጠምቅም የሚያጠምቀው ክርስቶስ ነው ሲል መለሰላቸው። ስለዚህ ጳጳሱ የቀደሱት ቁርባን እውነተኛ ቁርባን ነው፤ ደብዳቤ መፈረምዎም ከማዕዱ አያርቅዎትም። ነገር ግን ይህን ትምህርት በካህን እጅ የተጎዳን ሰው ለመውቀሻ የሚጠቀሙ አሉ፤ ይህ ጭካኔ ነው። እንዲህ ያለ ሰው እኚያ ጳጳስ ወደሚቀድሱበት መግባት ቢያቅተው፣ ሌላ ቁምስና ሄዶ ቢያስቀድስ ማንም ዶናቲስት ሊለው አይችልም።

አሁን ወደ ደብዳቤው። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በሽማግሌ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን መሪ ላይ፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ምስክር በቀር ክስ እንዳይቀበል ካዘዘው በኋላ፣ ወዲያው ኃጢአት የሚሠሩትን በሁሉ ፊት እንዲገሥጽ ያዘዋል። አንዱን ይዞ ሌላውን መተው አይቻልም። ደብዳቤው «ጳጳሱ ወንጀለኛን ሸሽገዋል» ብሎ በእርግጠኝነት የሚናገር ከሆነና እርስዎ ይህን ከወሬ በቀር የማያውቁ ከሆነ፣ እባክዎ አይፈርሙ፤ በሐሰት መመስከር ይሆንብዎታልና። «የካህኑ ጉዳይ በእጃቸው ሳለ ምን አደረጉ? መዝገቡ ይመርመር፤ ውጤቱ ይገለጥልን» የሚል ከሆነ ግን ያለ ፍርሃት ይፈርሙ። የሚላከው በዋሽንግተን ላሉት የቅድስት መንበር እንደራሴና ለአካባቢው ሊቀ ጳጳሳት ቢሆን መልካም ነው።

በቀጥታ የሚያውቁት ነገር ካለ ደግሞ ፊርማ አይበቃም። በሕፃን ላይ የተፈጸመ ጥቃት ከሁሉ አስቀድሞ ለፖሊስ ይነገራል። ስለ ጳጳሳት የሚቀርብ አቤቱታን በተመለከተ የአሜሪካ ጳጳሳት ከመጋቢት 2020 ጀምሮ በገለልተኛ ድርጅት አማካይነት የሚቀበሉበት መንገድ አለ። በ2019 የወጣውና በ2023 ቋሚ የሆነው «ቮስ ኤስቲስ ሉክስ ሙንዲ» የተባለው የርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ሕግ፣ ምርመራን በድርጊት ወይም በቸልታ ያሰናከለ ጳጳስ ራሱ እንዲመረመር ያዛል፤ ጥቆማ ባቀረበ ሰው ላይም ማንም ስለ ጉዳዩ የዝምታ ግዴታ ሊጥልበት እንደማይችል ይደነግጋል።