የፕሮላክቲን ቁጥር ወረደ ማለት ዕባጩ ታወቀ ማለት አይደለም

ጤና ይስጥልኝ። በቅድሚያ እግዚአብሔር እህትዎን ይማርልዎ። ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። የ29 ዓመቷ እህትዎ የወር አበባዋ ከቀረ ስምንት ወር ሆኗል፤ ኤምአርአዩ ፒቱታሪ የተባለችው፣ በአንጎል ሥር ያለች ሆርሞን አመንጪ ዕጢ ካለችበት ቦታ ወደ ላይ የወጣ 2.4 ሴንቲ ሜትር ዕባጭ አሳይቷል፤ ፕሮላክቲኗ (ጡት ወተት እንዲያመነጭ የሚያደርገው የፒቱታሪ ሆርሞን) 86 ነው። አንዱ ሐኪም ፕሮላክቲንን የሚቀንሰውን ኪኒን ካቤርጎሊንን ጀምራ ትጠብቅ ሲል ሌላው ቶሎ ቀዶ ሕክምና ይሻላታል ብሏል፤ እርስዎም የማንን እንስማ ብለው ጠይቀዋል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሆኖም ታናሽ ወንድሜን ይዤ በዚሁ መንገድ ሁለት ዓመት ተመላልሻለሁ። ከሁለቱ ምክሮች አንዱን ከመምረጥዎ በፊት ዕባጩ ምን ዓይነት እንደ ሆነ በትክክል ተለይቷል ወይ ብለው እንዲጠይቁ እለምንዎታለሁ።

ወንድሜ በ24 ዓመቱ ራስ ምታትና ድካም ይበዛበት ጀመር፤ ጢሙም ሳሳ። ኤምአርአይ ሲነሣ 2.6 ሴንቲ ሜትር ዕባጭ ተገኘ፤ ፕሮላክቲኑ 78 ነበር። ሪፖርቱ የፒቱታሪ አዴኖማ (ከዕጢዋ ራሷ የሚነሣ፣ ካንሰር ያልሆነ ዕባጭ) ሳይሆን አይቀርም ይላል፤ እኛ ግን «ሳይሆን አይቀርም» የሚለውን ዘለን አዴኖማ ነው ብለን ተቀበልን። ካቤርጎሊን ተጀመረለት፤ በሦስተኛው ወር ፕሮላክቲኑ ወደ 9 ወረደ፤ ቤተሰቡም ተመስገን ብሎ ተረጋጋ። በሰባተኛው ወር ለበዓል ቡና ተፈልቶ ሳለ እግሩ አጠገብ ወለሉ ላይ የተቀመጠውን ሲኒ ሁለት ጊዜ ገፍቶ ደፋው። ዐይኑ ወደ ጎንና ወደ ታች ማየት አቁሞ ነበር። ዳግመኛ በተነሣው ኤምአርአይ ዕባጩ አድጎ ተገኘ።

ቁጥሩ ወርዶ ዕባጩ ለምን እንዳደገ የገባኝ በኋላ፣ አንዲት የሆርሞን ሐኪም ወረቀት ላይ ሥላ ስታስረዳኝ ነው። አንጎል ፕሮላክቲን እንዳይበዛ ዶፓሚን በተባለ ንጥረ ነገር እንደ ፍሬን ይይዘዋል፤ ይህም ዶፓሚን ወደ ፒቱታሪ የሚወርደው ዕጢዋ በተንጠለጠለችበት ቀጭን ግንድ በኩል ነው። ግንዱን የሚጫን ማንኛውም ዕባጭ ፍሬኑን ስለሚያላላው ጤነኛው ዕጢ ራሱ ፕሮላክቲን ያበዛል፤ እንዲህ ያለው ጭማሪ በአብዛኛው ከ100 ናኖግራም በሚሊ ሊትር አያልፍም፣ አንዳንዴ ግን እስከ 200 ሊጠጋ ይችላል። ካቤርጎሊን የዶፓሚንን ሥራ ስለሚሠራ የዕባጩ ዓይነት ምንም ይሁን ምን ቁጥሩን ያወርደዋል። ፕሮላክቲን የሚያመርተው ዕባጭ ራሱ ይህን ያህል ሲተልቅ ግን ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ በብዙ መቶዎች ወይም በሺዎች ይሆናል፤ መድኃኒቱም ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ዕባጩንም ያሟሽሸዋል። ስለዚህ 2.4 ሴንቲ ሜትርና 86 አብረው መምጣታቸው ሊያጠያይቅ ይገባል። ሁለት ነገሮችን አስቀድመው ያጣሩ። አንደኛው መለኪያው ነው፤ አንዳንድ ላብራቶሪ በሚሊ ዩኒት በሊትር ስለሚጽፍ ቁጥሩ ወደ 21 እጥፍ ይበልጣል። ሁለተኛው፣ ፕሮላክቲን እጅግ ሲበዛ መሣሪያው ተሳስቶ ዝቅተኛ ቁጥር ሊያወጣ ስለሚችል፣ ናሙናው 100 እጥፍ ተበርዞ እንደገና እንዲለካ ሐኪሙን መጠየቅ ነው።

አሁን ወደ ውኃው ጥም ልምጣ፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነውና። ወንድሜ ማታ ማታ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ አልጋው ሥር አስቀምጦ ይተኛ ነበር፤ ጠዋት ባዶውን አነሣለሁ። ሌሊት አራትና አምስት ጊዜ ለሽንት ይነሣል። የደም ስኳሩ ተለክቶ ደህና ነው ስለተባለ ነገሩን ሁላችንም ተውነው። ከአንድ ዓመት በኋላ ሐኪሟ ፊልሙን እንኳ ሳታይ «ሌሊት ስንት ጊዜ ትነሣለህ?» አለችው። ተራው አዴኖማ ከቀዶ ሕክምና በፊት እንዲህ ያለ ጥምና ሽንት የሚያመጣው እጅግ አልፎ አልፎ ነው፤ ክራኒዮፋሪንጂዮማ (በፒቱታሪ አካባቢ የሚበቅል ሌላ ዓይነት፣ ካንሰር ያልሆነ ዕባጭ)፣ ጀርሚኖማ (ከዘር ሕዋሳት የሚነሣ ዕባጭ)፣ ከሌላ አካል የተዛመተ ካንሰር ወይም የዕጢዋ ብግነት ግን ደጋግመው ያመጡታል። እህትዎ በ24 ሰዓት የምትጠጣውንና የምትሸናውን በጆግ ለክታ ትጻፍ፤ የደም ሶዲየምና የሽንት ቅጥነት አብረው ይመርመሩ። ኮርቲሶል የተባለው፣ ሰውነት ሕመምንና ጭንቀትን እንዲቋቋም የሚረዳው ሆርሞን ሲያንስ ይህ ምልክት ሊደበቅ እንደሚችልም ይወቁ፤ ወንድሜ ኮርቲሶልን የሚተካውን መድኃኒት ሃይድሮኮርቲሶንን በጀመረ በሳምንቱ ጥሙ በእጥፍ ብሶበታል።

ያቺው ሐኪም ሲቲ ስካንም አዘዘች። ኤምአርአይ ካለ ሲቲ ምን ያደርጋል ብዬ ተከራክሬያት ነበር፤ ነገር ግን በአንዳንድ ዕባጭ ውስጥ የሚጠራቀመውን ካልሲየም አጥርቶ የሚያሳየው ሲቲ ነው። በወንድሜ ዕባጭ ዳርቻ ላይ የእንቁላል ቅርፊት ስባሪ የመሰሉ ነጫጭ ነጥቦች ታዩ፤ ክራኒዮፋሪንጂዮማ የሚለው ስም ያኔ ተነሣ። በልጆች ላይ ከ10 ዘጠኙ ያህል ይህን ያሳያሉ፤ በአዋቂዎች ግን ያነሰ ስለሆነ አለመታየቱ ብቻውን ነጻ አያወጣም። ዕባጩ በቀዶ ሕክምና ሲከፈት የተቃጠለ የሞተር ዘይት የመሰለ ፈሳሽ ወጣ፤ የፓቶሎጂው ውጤትም ያንኑ አረጋገጠ።

በዚያ ቦታ የሚገኘው አብዛኛው ዕባጭ አዴኖማ መሆኑ እውነት ነው፤ ሐኪሞቹም አስቀድመው እሱን ማሰባቸው ጥፋት አይደለም። ይሁን እንጂ የተለየ መንገድ የሚያስፈልጋቸው አሉ። ጀርሚኖማ ለጨረር በጣም ስለሚታዘዝ ሁሉንም ቆርጦ ማውጣት አያስፈልገውም፤ ኤኤፍፒና ቤታ ኤችሲጂ የተባሉ ምርመራዎች ፍንጭ ይሰጣሉ። የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ በዚያ ቦታ ዕባጭ ሊሠራ ይችላል፤ በአገራችን ይህ ሊዘነጋ አይገባም። ያበጠ የደም ሥርም ዕባጭ ሊመስል ስለሚችል ከቀዶ ሕክምና በፊት መጣራት አለበት። ለረጅም ጊዜ ሳይታከም የቆየ የታይሮይድ ማነስም ፒቱታሪን አሳብጦ ቱመር ያስመስላታል፤ እሱ በኪኒን ብቻ ይመለሳል። እናታችን «ዕጢው ይውጣለት» እያለች ትጸልይ ነበር፤ በቋንቋችን «ዕጢ» ጤነኛውንም አካል በሽታውንም ስለሚጠራ ዕባጩ እንጂ ፒቱታሪ ራሷ መውጣት እንደሌለባት ለቤተሰብ ደጋግሞ ማስረዳት ያስፈልጋል።

ከሆርሞን ምርመራዎች አንዱን አጥብቄ ልንገርዎ። ብዙ ቦታ ለታይሮይድ ቲኤስኤች (ፒቱታሪ ታይሮይድን የምታዝበት ሆርሞን) ብቻ ይታዘዛል፤ ችግሩ ከፒቱታሪ ሲሆን ግን ቲኤስኤች ደህና መስሎ ፍሪ ቲ 4 (ታይሮይድ ራሱ የሚያመነጨው ሆርሞን) ዝቅ ብሎ ሊገኝ ስለሚችል ሁለቱም ይለኩ። የጠዋት ሁለት ሰዓት ኮርቲሶልም ይታይ። ኮርቲሶል ያነሰው ሰው ሃይድሮኮርቲሶን ሳይጀመርለት የታይሮይድ ኪኒን ቢሰጠው ለሞት የሚያደርስ አደጋ ላይ ሊወድቅ ስለሚችል ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት። የእርግዝና ምርመራ ካልተደረገ እሱም ይደረግ።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ ሪፖርቱን ብቻ ሳይሆን የኤምአርአዩን ሲዲ ይዘው ይሂዱ፤ ከተቻለም የሆርሞን ሐኪም፣ የአንጎል ቀዶ ሐኪምና የዐይን ሐኪም አብረው ይዩት። የዐይን ምርመራው ፊደል በማንበብ ብቻ አይለቅ፤ ወንድሜ የመጨረሻውን መስመር ሳይቀር አንብቦ ነበር። በመሣሪያ የሚደረገው የዕይታ ስፋት ምርመራ ይደረግላት። ዕይታዋ በጎን መቀነስ ከጀመረ ሌላው ምርመራ ሁሉ እስኪሟላ ብለው ቀዶ ሐኪሙ ጋ መድረስን አያዘግዩ። ድንገተኛ ኃይለኛ ራስ ምታት ከማስመለስ ወይም ከዕይታ መደብዘዝ ጋር ከመጣባት ሌሊትም ቢሆን በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት። የሶዲየሙንና የሲቲውን ውጤት ሲያገኙ እባክዎ እዚሁ ይጻፉልን፤ እጠብቃለሁ።