የሦስት ዓመት ዕቅድ ለትንሽ ድርጅት፦ ከራዕዩ በፊት ገንዘቡን ቁጠሩ

እህታችን፣ ጥያቄሽ «ስምንት ሠራተኛ ያለን አገር በቀል ድርጅት ነን፤ ለጋሻችን ስትራቴጂክ ዕቅድ አምጡ ብሎናል፤ አማካሪ እንቅጠር ወይስ ራሳችን እንሥራው?» የሚል ነው።

ራሳችሁ ሥሩት። አማካሪ ካስፈለገም ውይይቱን ለመምራትና ረቂቁን ለማረም ለጥቂት ቀናት ብቻ ይምጣ። ሙሉውን እሱ ከጻፈው ሰነዱ ያምራል፤ ሠራተኛው ግን ስለማያውቀው በሥራ ላይ አያውለውም። ለጋሹ አምስት ዓመት ብሎ ካላስገደደ ሦስት ዓመት ይበቃል፤ አብዛኛው የፕሮጀክት ውል ከዚያ በላይ አይሄድም።

ብዙዎች ሁለቱን የዐውደ ጥናት ቀናት ራዕይና ተልዕኮ ላይ ቃላት በመምረጥ ይጨርሷቸዋል። ለሱ ግማሽ ቀን ስጡት። ከዚያ በፊት ግን አንድ ሠንጠረዥ አዘጋጁ። ለእያንዳንዱ ፕሮግራም አንድ መስመር፦ ባለፈው በጀት ዓመት ስንት ብር ወጣበት፣ ገንዘቡ ከማን መጣ፣ ውሉ በየትኛው ወር ያልቃል፣ በብር ነው ወይስ በዶላር የተፈረመው፣ ነገ ቢቆም ማን ይጎዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ሥርዓቱ ከተለወጠ ወዲህ ምንዛሪውን ያልጻፈ በጀት ብዙም አያስኬድም። የአሜሪካ መንግሥት በጥር 2017 የውጭ ዕርዳታውን ሲያግድም ክፉኛ የተጎዱት ገቢያቸው በአንድ ምንጭ ላይ የተንጠለጠለ ድርጅቶች ነበሩ።

የገቢ ትንበያውን በሦስት ክፈሉት፦ የተፈረመ፣ ድርድር ላይ ያለ፣ ገና የምንመኘው። ደመወዝና የቤት ኪራይ በተፈረመው ብቻ ይሸፈን።

እዚህ ላይ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011ን አትርሱ። ለሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት ለአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ በላይ ማዋል አይችልም። ገቢያችሁ 6 ሚሊዮን ብር ከሆነ ጣሪያው 1.2 ሚሊዮን ነው። አንድ ትልቅ ፕሮጀክት ተዘግቶ ገቢው ወደ 3 ሚሊዮን ሲወርድ ጣሪያው 600 ሺህ ይሆናል፤ ኪራዩና የሒሳብ ሠራተኛው ደመወዝ ግን በግማሽ አይቀንሱም። ብዙ ትንንሽ ድርጅቶች የሚሰናከሉት እዚህ ጋ ስለሆነ የትኛው ውል ሲያልቅ የትኛው የአስተዳደር ወጪ እንደሚቀነስ አሁኑኑ ጻፉ። አዋጁ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ መሥራትንም ይፈቅዳል፤ ካሰባችሁት ግን መነሻ ካፒታሉ ከየት እንደሚመጣ በበጀቱ ይታይ።

ተጠቃሚዎችን ስታነጋግሩ የወረዳ ኃላፊውን እዚያው አታስቀምጡ። እሱ ባለበት፣ የእናንተም ሠራተኛ ባለበት፣ ሰው ይሉኝታ ይዞት ያመሰግናል እንጂ የጎደለውን አይናገርም። ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ጋር ለብቻ ተወያዩ፤ የሴቶቹን ውይይት ከድርጅቱ ውጭ የሆነች ሴት ትምራው።

የጥንካሬና የድክመት ትንተናው ሁሉም የሚሠራው ስለሆነ አላስረዝመውም። ዋናው ነገር ከሱ በኋላ «የምንተወው ምንድን ነው?» ለሚለው የጽሑፍ መልስ ማስቀመጥ ነው። ስምንት ሠራተኛ ይዞ ትምህርትን፣ ጤናን፣ አካባቢ ጥበቃንና ሥራ ፈጠራን አንድ ላይ መያዝ አያዛልቅም። ሦስት ስትራቴጂካዊ ግቦች ይበቃሉ።

ግቡ «የሴቶችን አቅም ማጎልበት» ብሎ እንዳይቆም። «ከሚሠለጥኑት 120 ሴቶች ቢያንስ 80ዎቹ ከ12 ወር በኋላ በጀመሩት ሥራ ላይ ይገኛሉ» ተብሎ ሲጻፍ መለካት ይቻላል። ከጎኑ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነና መረጃው ከየት እንደሚገኝ ይግባ፤ ለክትትሉ የሚያስፈልገው የትራንስፖርትና የአበል ወጪም እንዲሁ። ይህ ወጪ ስለሚረሳ ነው በዓመቱ መጨረሻ የሠልጣኞች ፊርማ ብቻ ሪፖርት ሆኖ የሚቀርበው።

ሥራው ጥሩ ሲሄድ ሦስት ወር ያህል ይወስዳል። ረቂቁን ቦርዱ ከመረመረው በኋላ ጠቅላላ ጉባኤው ያጽድቀው። በጀት ዓመታችሁ ከሐምሌ እስከ ሰኔ ከሆነ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ሠንጠረዡን አድሱ፤ የለጋሻችሁ በጀት ዓመት በጥር የሚጀምር ከሆነም የሁለቱን ሪፖርት ቀኖች ጎን ለጎን አስፍሩ።