«እቴቴ የሚለኝ እሱ ብቻ ነው»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከጅዳ ነው፤ ሰው ቤት እሠራለሁ። ባለፈው ወር ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ በቴሌግራም ጻፈልኝ። «እቴቴ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ዕቃ ገዝቼ ልከፍል ስል ሞባይል ባንኪንጌ አልሠራ አለኝ። 45,000 ብር ብቻ፣ ነገ ጠዋት እመልሳለሁ» ይላል። እቴቴ የሚለኝ እሱ ብቻ ነው። የሰጠኝ አካውንት በማላውቀው ሰው ስም ስለነበር ጠየቅሁት። «የባለ ዕቃው ነው» አለኝ። ሀገር ቤት ያለች ጓደኛዬ ከራሷ አካውንት ላከችልኝ። ማታ ደውዬ «ደረሰህ?» ስለው «የምን ብር?» አለ። ለካ ቴሌግራሙ ተጠልፎ ኖሯል። ብሩ ይመለስ ይሆን? ሌባውስ እቴቴ እንደምባል በምን አወቀ? ከወንድሜ ጋር ተኳርፈናል።
ወ.፣ ከጅዳ

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። ሌባው በምን አወቀ ካልሽው ልጀምር። አንብቦ ነው። የወንድምሽ ቴሌግራም ውስጥ ከገባ በኋላ የእናንተን ወሬ ወደ ላይ እየሳበ ያነበዋል። ምን ብሎ እንደሚጠራሽ፣ ከዚህ በፊት መቼ ብር እንደላክሽለት፣ ሰላምታችሁ እንዴት እንደሆነ፣ ሁሉም እዚያው ተጽፎ ቁጭ ብሏል። ከስንቱ ሰው መሃል አንቺን የመረጠሽም ለዚህ ነው። ውጭ አገር ያለች፣ የምትልክ፣ የምትወደው እህት።

እንዴት ገባ? የወንድምሽን ስልክ አላየሁም። ግን ለዚህ አምድ የሚጻፍልኝ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ከሚያውቁት ሰው ሊንክ ይመጣል፦ «የእህቴ ልጅ ውድድር ላይ ናት፣ ድምፅ ስጥልኝ።» ሊንኩ ሲነካ ስልክ ቁጥር ይጠየቃል። ቀጥሎ ቴሌግራም የሚልከው ባለ አምስት አሃዝ ኮድ ይጠየቃል። ኮዱን እዚያ የጻፈ ሰው ቤቱን ለሌባ ከፈተ ማለት ነው። ኮዱ የመጣበት መልእክት ራሱ ለማንም እንዳትሰጡ ይላል፤ ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ ዓይናችን ደግሞ ቁጥሩ ላይ ነው የሚያርፈው። ሊንኩን የላከው ወዳጅም ብዙ ጊዜ በዚሁ መንገድ የተጠለፈ ምስኪን ነው።

ወደ ብሩ ልምጣ። ይህን አምድ ከመያዜ በፊት ባንክ መስኮት ላይ ሠርቻለሁና በባዶ ተስፋ ልሸነግልሽ አልፈልግም። እንዲህ ያለ ብር አካውንት ውስጥ አያድርም። ገባ ሲባል ወደ ሌላ ይተላለፋል፣ ወይ ከኤቲኤም ይወጣል። በመጀመሪያው ሰዓት ለባንኩ የደወለ ሰው ሊደርስበት ይችላል። ከወር በኋላ ግን ዕድሉ ጠባብ ነው። ቢሆንም ማመልከቱን አትተዉት። ማመልከት ያለባት ጓደኛሽ ናት፤ ብሩ የወጣው ከእሷ አካውንት ነውና። የላከችበትን ደረሰኝ፣ በተለይ የዝውውሩን ቁጥር፣ ይዛ ባንኩ ጋ ትሂድ፤ ከዚያ ፖሊስ ጋ። በኮምፒዩተር የሚፈጸም ማታለል በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው። የተቀባዩ ስም እጃችሁ ላይ ስላለ ፖሊስም ከዚያ ነው የሚጀምረው።

ያ ስም የዋናው ሌባ ላይሆን ይችላል። «አካውንትህን ለአንድ ቀን ስጠኝ፣ ትንሽ ነገር አስብልሃለሁ» ተብሎ የሰጠ ሥራ ፈላጊ ወጣት ሊሆን ይችላል። (ይህን የምታነቡ ልጆች፣ እባካችሁ! መጥሪያው የሚመጣው በእናንተ ስም ነው።)

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ አድርጊ። ያን ወሬ ከላይ እስከ ታች ስክሪንሾት አንሺው። ቴሌግራም ላይ የጻፈ ሰው ጽሑፉን ካንቺም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል።

ወንድምሽ ደግሞ ቴሌግራሙን ከፍቶ ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስ» የሚለውን ይይ። የማያውቀው ስልክ ወይም ኮምፒዩተር እዚያ ተዘርዝሮ ካገኘ ያስወጣው። ከዚያ ባለ ሁለት ደረጃ የይለፍ ቃሉን ያብራ። እሱ ካለ ኮዱን ያገኘ ሌባ እንኳ ዝም ብሎ አይገባም። እንዲህ የሚደርስባችሁ ሌሎችም ቶሎ በሉ። አዲስ የገባ ስልክ ነባሩን ወዲያው ማባረር አይችልም፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የባለቤቱ ናቸው።

ስለ ኩርፊያው። ወንድምሽ ኮዱን በመስጠቱ ተታሏል፣ አንቺም ብሩን በመላክሽ። ማን ማንን ይቆጣል? እንደ እኔ ከሆነ ሁለታችሁንም የጎዳችሁ ይሉኝታ ነው። አካውንቱ የማን እንደሆነ ጠይቀሻል እኮ! ጥሩ ጠርጥረሽ ነበር። «የባለ ዕቃው ነው» ሲልሽ ግን «እስቲ ልደውልልህ» ማለት ወንድምን አለማመን መሰለሽ። ሌባው የሚተማመነው በዚህ ነው። ከእንግዲህ ቤተሰብ ውስጥ ተስማሙ፦ ብር የጠየቀ ሰው ይደወልለታል፣ የተደወለለትም አይቀየምም። በድምፅ መልእክት ብቻ አትመኑ፣ ሌባው የድሮውን ድምፅ መልሶ ሊልክ ይችላል። «መደወል አልችልም፣ ስብሰባ ላይ ነኝ» ካለ ስብሰባው ይለቅ። ዕቃው የትም አይሄድም።

ጥያቄ፦ ቲክቶክ ላይ ካናዳ ሥራ እናስቀጥራለን የሚል ሰው አግኝቼ ኤልኤምአይኤ የሚባለውን የቅጥር ፈቃድ በስሜ አሳየኝ። ለእሱ ማስፈጸሚያ 60,000 ብር በግል አካውንቱ እንዳስገባ ይፈልጋል። ቪዲዮው ሥር ብዙ ሰው «ተሳክቶልኛል» ብሎ ጽፏል። ልክፈል?
ከሻሸመኔ

መልስ፦ አትክፈል። ያን ፈቃድ ለካናዳ መንግሥት የሚያመለክተው ቀጣሪው ነው። ክፍያውም ለአንድ የሥራ ቦታ 1,000 የካናዳ ዶላር ሆኖ ከቀጣሪው ኪስ ነው የሚወጣው፤ ከሠራተኛው መልሶ መቀበል ክልክል ነው። አንተ የምትከፍለው የሥራ ፈቃድ ማመልከቻና የጣት አሻራ ክፍያ አለ። እሱ ግን የሚገባው ለመንግሥቱ ነው፣ ለግለሰብ አካውንት አይደለም። «ተሳክቶልኛል» ያሉትን ሰዎች ገጽ አንድ በአንድ ክፈትና እይ። ፎቶ የሌለው፣ አንድም ቪዲዮ ያልለጠፈ፣ ትናንት የተከፈተ ከበዛ ገባህ ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ድርጅት ደግሞ በሰውየው ስልክ ሳይሆን ራስህ አድራሻውን ፈልገህ ጻፍለት። ምን እንዳሉህ ላክልኝ፣ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።